ጋሽ አንብብ በአረማመድ ቀን

የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ በተማሪዎቹ አፍ «ጋሽ አንብብ» ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ግን «ጋሽ ፈርም» ነበሩ። ስሙ ለምን እንደተለወጠ የጠየቀ የለም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ቅጽል ስም እንደ ግድግዳ ቀለም ነው፤ ሲለቅ ሌላ ይቀባበታል እንጂ ቀቢውን ጠርቶ የሚመረምር አይገኝም።

ምክንያት ግን ነበረው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ኳስ ሊዋስ፣ ማይክሮስኮፕ ሊወስድ ወይም አንድ ፓኮ ጠመኔ ሊያወጣ የመጣ ሁሉ፣ መምህርም ይሁን ተማሪ፣ የወሰደውን መዝገቡ ላይ በራሱ እጅ ይጽፋል፣ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ከዚያ ይፈርማል። «አንብብ» ይላሉ ጋሽ አንብብ፣ ሁለት እጃቸውን መስኮቱ ደፍ ላይ ዘርግተው፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ። «ኋላ አላልኩም እንዳትለኝ።» ሰው ሁሉ ይህን የጥብቅነት ጥግ አድርጎ ወሰደው። ርዕሰ መምህሩም አንድ ስብሰባ ላይ ስማቸውን በምሳሌነት አንስቶ ሌሎቹን ሠራተኞች አስኮርፏል።

እውነቱ ዓይናቸው ነው። መጀመሪያ ግራው፣ ቀጥሎ ቀኙ፣ ሳሙና እንደነካው መስታወት ደፈረሰ። ቅርጽ ያያሉ፤ ጨለማና ብርሃን ይለያሉ፤ ሰው ሲመጣ ሰው መሆኑን ያውቃሉ። ፊትና ፊደል ግን ጥለዋቸው ከሄዱ ቆይተዋል። ዕቃ ክፍሉን የሚሠሩት በእጃቸው ነው። መደርደሪያውን የቸነከሩት ራሳቸው ናቸው፤ የእግር ኳሱን ከመረብ ኳሱ በስፌቱ፣ የኮምፓስ ሳጥኑን በተሰበረ ማጠፊያው፣ ቀዩን የቀለም ጠርሙስ ከጥቁሩ በክዳኑ ይለዩታል። ለጡረታ የቀራቸው ሁለት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ማንም ካልነቃባቸው በክብር ይወጣሉ። ከነቃባቸው ደግሞ ርዕሰ መምህሩ «ዕቃ ክፍሉን ወደ ዘመናዊ አሠራር እናስገባዋለን» ካለ ሰነባብቷል፤ ጋሽ አንብብ ይህን ወደ ሰው ቋንቋ ሲመልሱት «ሌላ ሰው እንቀጥራለን» ይሆናል።

ሐኪም ጋ ለመሄድ የሕክምና ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤውን የሚጽፈው ርዕሰ መምህሩ ነው። ልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው «ዓይንህን አሳይ» ባሉ ቁጥር የሚሰጧቸው መልስ ይኸው ነው፤ ባለቤታቸውም መርፌያቸውን እየሰኩ «እንግዲህ የርዕሰ መምህሩን ዓይን ፈርተህ የራስህን ልታጣ ነው» ብለው ይተዉታል።

በዚያ ትምህርት ቤት የመልቀቂያ ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ዓርብ ከሰዓት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አዳራሽ ውስጥ መምህራኑንና ሠራተኞቹን መስለው ይታያሉ። ቀኑ የአረማመድ ቀን ይባላል። ድሮ ድራማ ነበር፤ ቃል ነበረው። አንድ ዓመት ታዲያ አንድ ተማሪ የሒሳብ መምህሩን መስሎ፣ መምህሩ ከሚስቱ ጋር በስልክ የተጨቃጨቀውን አንድ ቃል ሳያጎድል ተናገረ። መምህሩ ከፊት ረድፍ ተነስቶ መድረክ ላይ ወጣ። ሲገላግሉ የወንበር እግር ተሰበረ፤ ወንበሩን የጠገኑት ጋሽ አንብብ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቃል ተከለከለ። አሁን ተማሪው ይራመዳል፣ ይቆማል፣ እጁን ያንቀሳቅሳል፤ ከንፈሩ አይላቀቅም፣ ስም አይጠራም። የተመሰለው ሰው ራሱን ሲያውቅ ተነስቶ መድረክ ላይ ይወጣል፣ የተማሪውን እጅ ይጨብጣል፣ «እኔ ነኝ» ይላል። አዳራሹ ሦስት ጊዜ አብሮ አጨብጭቦ ማንም ካልተነሳ ተማሪው አልቻለበትም ይባላል፤ አንገቱን ደፍቶ ይወርዳል። ሰውየው እያወቀ አድፍጦ ከተቀመጠ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ባለፈበት ኮሪደር ሁሉ ሦስት ጊዜ ይጨበጨብለታል።

ጋሽ አንብብ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ተመስለው አያውቁም። ይህን እስከዚያ ሳምንት ድረስ ለራሳቸው እንደ መልካም ስም ይቆጥሩት ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ሚጢጢ መስኮቱ ጋ መጣች። ሚጢጢ የአሥራ ሁለተኛ ለ ተማሪ ናት፤ ቁመቷ ከመስኮቱ ደፍ ብዙ አያልፍም፣ ስሟም ከዚያው የመጣ ነው። ገና ዘጠነኛ ክፍል ሳለች በረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ የላይብረሪ ሠራተኛዋን መስላ ስትራመድ፣ ከኋላዋ ያያት አንድ ልጅ የሚያላምጠውን ማስቲካ ዋጠ ይባላል።

ግራጫ ካፖርት ፈለገች። ጋሽ አንብብ የሚለብሱት የሥራ ካፖርት ግራጫ ነው።

«ለምንሽ ነው?» አሏት።

«ለአረማመድ ቀን ነው፣ ጋሼ።»

«ማንን ልትመስይበት?»

«እሱማ አይነገርም።»

ከመደርደሪያው ሌላ አውርደው ሰጧት። ጻፈች፣ አነበበች፣ ፈረመች። ረቡዕ ተመልሳ መጥታ የማይሠሩ ቁልፎች ካሉ አንድ ዘለላ ጠየቀች። የጋሽ አንብብ ቁልፎች ሲንሿሹ ከሳይንስ ላቦራቶሪው ድረስ ይሰማሉ። ሐሙስ ደግሞ ከሕክምና ክፍሉ አልጋ የወረደ ትራስ አለ ወይ አለች። ትራሱን ሊያወርዱ መደርደሪያውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ሲሄዱ፣ ከኋላቸው ትንፋሿን ውጣ ዝም ማለቷን ሰሙ። ልጅ ዝም ሲል እያየ ነው። እጃቸውን ከመደርደሪያው ላይ እንደ ተቃጠለ ሰው አነሱት፤ ከዚያ ትራሱ የት እንደነበር ስለጠፋቸው ፍራሽ አወረዱላት። ሳትስቅ «ይሄ ይበዛብኛል፣ ጋሼ» ብላ ትራሱን ራሷ አወረደች። አለመሳቋ ይበልጥ አሳሰባቸው።

ማታ እራት ላይ ነገሩን ለባለቤታቸው ዘረዘሩት። ካፖርት፣ ቁልፍ፣ ትራስ። ባለቤታቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቁመትና ወገብ ሲለኩ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰዱም።

«ትራስ ለሆድ ነው» አሉ። «ልብሱ ውስጥ ይሰኩታል። አንተ ሆድ የለህም።»

«ትራስ ለእንቅልፍ ነው» አሉ ጋሽ አንብብ። «ዕቃ ክፍል ውስጥ ይተኛል ሊሉኝ ነው።»

«ትተኛለህ?»

«አልተኛም። ለዚህ እኮ ነው ክፋቱ።»

ባለቤታቸው ሆድ ያለው ሰው እዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ጠየቁ። ጋሽ አንብብ ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ እየሄደ ስለመሰላቸው ሳህናቸውን ገፋ አድርገው ተነሱ። ልጅቷ የምትመስለው ማንን እንደሆነ አውቀዋል፤ የቀራቸው የዓይናቸውን ነገር ትጨምርበታለች አትጨምርበትም የሚለው ብቻ ነው። ከጨመረችበት፣ ርዕሰ መምህሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ስምንት መቶ ተማሪ እየሳቀ፣ ሦስት ዓመት የተሸሸገው ነገር በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ ይወጣል።

የአረማመድ ቀን አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበርና፣ ጋሽ አንብብ ራሳቸውን ለመለወጥ ወሰኑ። የሚመሰል ነገር ከጠፋ ማን ይመስላቸዋል? ሰኞ ግራጫውን ካፖርት ቤት ትተው ልጃቸውን የዳሩበትን ቡናማ ኮት ለብሰው መጡ። ቁልፎቹ እንዳይንሿሹ ካልሲ ውስጥ ከተቷቸው። ግድግዳ ሳይነኩ መሄድ ጀመሩ፤ በዚህ ሳቢያ ሁለት ጊዜ ከእሳት ማጥፊያው ጋር ተጋጭተው ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቁት። «አንብብ» ማለቱንም አቆሙ።

ይህ የመጨረሻው ግን ዋጋ አስከፈላቸው። የጂኦግራፊ መምህሩ የዓለም ካርታ እንዲላክለት ተማሪ ልኮ፣ ተማሪው ሳያነብ ተቀብሎ ሄደና ክፍል ውስጥ ሲዘረጋ የሰው የምግብ መፍጫ አካላት ሥዕል ሆነ። መምህሩ ወደ መስኮቱ መጥቶ፣ ተማሪዎቹን የታላላቅ ወንዞችን ፍሰት በትልቁ አንጀት እንዳስተማራቸው ነገራቸው። ቀልድ መሆኑ ይታወቃል፤ ጋሽ አንብብ ግን ከሳቁ ጀርባ ምን እንዳለ ለመስማት ጆሯቸውን አቁመው ቆዩ። በዚያው ሰዓት ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን እያንሿሿ በኮሪደሩ አለፈ። ሲያልፍ እንደ ልማዱ የመስኮቱን ደፍ በአንድ ጣቱ ጠረግ አድርጎ «አቧራ» አለ፣ ሄደ። ጋሽ አንብብ ያችን አንድ ቃል ቀኑን ሙሉ አመነዠኳት። አቧራ ማለት አይታይህም ማለት ይሆን?

የአሥራ ሁለተኛ ለ ክፍልና ዕቃ ክፍሉ የሚለያዩት በስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ እዚያ ይለማመዳሉ። ጋሽ አንብብ የመረብ ኳሶቹን ሣጥን ገፍተው ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ቃል የለም። ያለው ቁልፍ ሲንሿሿ፣ እግር ሲራመድና ልጆች ሳቃቸውን በእጃቸው ሲያፍኑ ነው። እርምጃው ዘገምተኛ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቆም። እንደገና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቆም። ጋሽ አንብብ መደርደሪያዎቹ መካከል ያንኑ ሞከሩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቆሙ። የእሳቸው ይሁን የሌላ ሊያውቁት አልቻሉም። ሰው የራሱን እርምጃ ሰምቶ አያውቅም።

በማግስቱ የኬሚስትሪ መምህሩን ያዙት። የኬሚስትሪ መምህሩ ወዳጃቸው ነው፤ ወዳጅ ስለሆነም ያለ ቀልድ አንድ ነገር አይመልስላቸውም።

«እኔ ስሄድ እቆማለሁ እንዴ?» ብለው ጠየቁት።

«ሰው ሁሉ ሲሄድ ሲሄድ ይቆማል፣ ጋሼ» አለ።

ከእሱም መልስ አልተገኘ። ወይም እሱም ነገሩ ውስጥ አለበት። የዚያን ዕለት ጋሽ አንብብ የሻይ ክበቡ አስተናጋጅ ስኳር ስትጨምርላቸው ስንት ማንኪያ እንደጨመረች እንኳ ተጠራጠሩ።

ዓርብ ደረሰ። ሠራተኞች የሚቀመጡት ከፊት ሁለት ረድፍ ላይ ነው። ጋሽ አንብብ ከኬሚስትሪ መምህሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ርዕሰ መምህሩ በረድፉ መካከል፣ አራት ወንበር ወዲያ ነበር። የቴአትር ክበቡ መምህርት ሕጉን ለአዲስ ሰው በሚነገርበት ድምፅ አስታወሰች። ቃል የለም፣ ስም የለም፣ ሦስት ጭብጨባ።

የስፖርት መምህሩ ተመሰለ፤ ገና ፊሽካው ካንገቱ ሳይወርድ ተነስቶ «እኔ ነኝ» አለ። ቀጥሎ አንድ ልጅ የያዘውን ጠርሙስ ሁሉ እያሸተተ ሲዞር የኬሚስትሪ መምህሩ ከጎናቸው ተነሳ፣ ሄደ፣ ተመልሶ መጣና «አፍንጫዬን ትልቅ አድርገውታል» አለ። ጋሽ አንብብ ለሁሉም ሰው ሲስቅ ይስቃሉ፣ ሲያቆም ያቆማሉ። ይህን ለሦስት ዓመት የተካኑበት ስለሆነ አንድም ጊዜ አልዘገዩም።

ከዚያ አዳራሹ ዝም አለ። ከመድረኩ ጥግ ቁልፍ ተንሿሿ።

ጋሽ አንብብ ያዩት አንድ ግራጫ ነገር ነው። ትንሽ፣ ግራጫ፣ የሚንቀሳቀስ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቆም። አዳራሹ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከቀደሙት ጋር አንድ አልነበረም፣ ሰው አፉን ይዞ የሚስቀው ዓይነት ነበር። ግራጫው ነገር ወደ አንድ ረጅም ጠረጴዛ መጣ። ክንዱን ዘረጋ። ክንዱ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ ሄደ።

እየዳበሰች ነው፣ አሉ በልባቸው። መደርደሪያውን እየዳበስኩ ነው።

ክንዱ ወደ ፊቱ ተመለሰ፤ አንድ ነገር ወደ አፍንጫው ጫፍ አስጠግቶ ይዞ ቆየ። ወረቀት፣ አሉ በልባቸው። ወረቀት አፍንጫዬ ሥር አድርጌ ሳነብ። ከኋላ ያሉት ተማሪዎች መቀመጫቸውን እየደበደቡ ይስቃሉ፤ በፊት ረድፍ ግን የሚስቅ የለም። ሠራተኛው ሁሉ ትንፋሹን ይዟል። አዝነውልኛል፣ አሉ።

የመጀመሪያው ጭብጨባ መጣ። ስምንት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያጨበጭብ በር እንደተወረወረ ነው። ማንም አልተነሳም።

ጋሽ አንብብ ቢቀመጡ ምን እንደሚሆን አሰቡ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ትወርዳለች። እሳቸው ከነገ ጀምሮ በየኮሪደሩ ይጨበጨብላቸዋል። የዓይናቸው ምሥጢር እንደሆነ ወጥቷል፤ የቀረው እሳቸው መደበቃቸው ብቻ ነው።

ሁለተኛው መጣ። የኬሚስትሪ መምህሩ ጉልበቱን ሲያወዛውዝ ወንበሩ ተንቀጠቀጠ። እንድነሳ እየነገረኝ ነው፣ አሉ።

ሦስተኛው ሳያልቅ ተነሱ። ወደ መድረኩ አሥራ አንድ እርምጃ እንደሆነ ያውቃሉ፤ እርከኑን ግን ማንም ነግሯቸው አያውቅም፣ የመጀመሪያው ላይ ተደናቀፉ፣ በእጃቸው ተደግፈው ወጡ። ግራጫው ነገር ፊት ደርሰው እጃቸውን ዘረጉ። አንድ ትንሽ፣ በላብ የራሰች እጅ ያዘቻቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

ሚጢጢ ቃል መከልከሉን ረስታ በእግር ጣቷ ተንጠራራችና በጆሯቸው «ጋሼ፣ እርስዎን አይደለም» አለቻቸው። ስትንጠራራ ካፖርቷ ውስጥ የተወጠረው ትራስ ክንዳቸውን ነካ። ግራጫ ካፖርት፣ ትልቅ ሆድ፣ የሚንሿሿ ቁልፍ፣ አቧራ ጠርጎ ወደ አፍንጫ የሚጠጋ አንድ ጣት። የእሳቸው የመሰላቸው ሁሉ ባንዴ ተሰበሰበና ባለቤቱን አገኘ። ባለቤቱ አራት ወንበር ወዲያ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አልተነሳም።

ከዚያ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ተሰምቶ የማያውቅ ሳቅ ፈነዳ። የክበቡ መምህርት መጋረጃውን ራሷ ሮጣ ዘጋችው።

ማምሻውን የመምህራን ክፍል ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ጋሽ አንብብ አለቃቸውን ከውርደት ለማዳን በእሱ ቦታ ተነስተዋል አለ፤ እነዚህ «አሽቃባጭ» ብለው አሟቸው። ሌላው ግማሽ አይደለም፣ «ርዕሰ መምህርነት ማንም የሚሠራው ነው» ለማለት ሆን ብለው ነው የተነሱት አለ፤ እነዚህ ደግሞ ትከሻቸውን መታ መታ እያደረጉ ሸኟቸው። አላዩም ይሆናል ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ጋሽ አንብብ ሁለቱንም ወገን በእኩል ጆሮ ሰሙ፤ ነገሩ ያልወጣ ይመስላል፣ ግን እንዲህ በቀላሉ አለመውጣቱ ራሱ አላማራቸውም።

ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ አስጠራቸው። ከቢሮው ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ አንድ ትንሽ ሰው ተቀምጧል፤ «እኔም ተጠርቻለሁ፣ ጋሼ» ስትል ሚጢጢ መሆኗን አወቁ። ርዕሰ መምህሩ በሩን ራሱ ዘጋው።

«ዓርብ ዕለት ያደረጉት ምንድን ነው?» አለ።

«ተነሳሁ።»

«መነሳትዎንማ አይቻለሁ። ማን ነው ተነሱ ያለዎት?»

«ማንም።»

«ጋሼ፣ እኔ ልጅ አይደለሁም።»

ቅዳሜና እሑድን ሲያስብበት ነበር የከረመው፤ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቸው። የክበቡ መምህርት ጠንስሳዋለች። ሚጢጢ ሠርታዋለች። የኬሚስትሪ መምህሩ ከጎናቸው ተቀምጦ ምልክት ሰጥቷል፣ ጉልበቱን ሲያወዛውዝ በዓይኑ አይቷል። ዓላማው ርዕሰ መምህሩን ከዕቃ ያዥ እኩል ማድረግ ነው፤ ቀጥሎ የወላጆች ኮሚቴ ይመጣል፣ ቀጥሎ ፊርማ ይሰበሰባል። አንድም ክፍተት አልነበረውም። ጋሽ አንብብ ራሳቸው በጥርጣሬ የኖሩ ሰው ስለሆኑ የሥራውን ጥራት ሳያደንቁ አላለፉም፤ አንድ ሁለት ቦታ ላይ አምነውትም ነበር።

«እርስዎን አልነካም፤ መጠቀሚያ ነው ያደረጉዎት» ሲል ደመደመ። «ይኼን ይፈርሙልኝ። መምህርቷ ትዛወራለች። ልጅቷ ዘንድሮ ፈተና አትቀመጥም።»

ወረቀት በጠረጴዛው ላይ እየተንሸራተተ መጣ፤ ሰሙት። እስክሪብቶ እጃቸው ውስጥ ገባ። ጋሽ አንብብ ያዙት። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸው የማንም ጉዳይ አልነበረም። አንድ ፊርማ ፈርመው ቢወጡ ሁለቱ ዓመት እንደ ቅቤ ያልፋል፤ እንዲያውም ከእንግዲህ ርዕሰ መምህሩ የሚተማመንባቸው ሰው እሳቸው ናቸው። በሩ ወዲያ አግዳሚው ሲጢጥ አለ፤ ልጅቷ እግሯን እየቀያየረች ነው።

«የሚፈረመው የት ጋ ነው?» አሉ።

«መስመሩ ላይ ነዋ።»

«መስመሩ አይታየኝም።»

«መነጽርዎን ያድርጉ።»

«በመነጽር አይሆንም።» እስክሪብቶውን ወረቀቱ አለበት ብለው ባሰቡት ቦታ አስቀመጡት። «ዓርብም አላየሁም። መድረኩ ላይ ያለው እኔ መስሎኝ ነው የተነሳሁት። ማንም አላዘዘኝም።»

የርዕሰ መምህሩ ወንበር ተገፋ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ክንድዎ ይመስለኛል። ወይም መጋረጃው።»

«ስንት ጣት ነው?»

«አላውቅም።»

«ያስመስላሉ» አለ። አሁን ድምፁ ከፍ ብሏል። «ዕቃ ክፍሉን በምን ሲሠሩት ኖሩ?»

«በእጄ።»

«ሰውን በምን ይለያሉ?»

«በድምፁ፣ በጫማው። እርስዎን በቁልፍዎ ነው።»

«ፊቴንስ?»

«ፊትዎን ካየሁት ሦስት ዓመት ሆነኝ» አሉ ጋሽ አንብብ። «ጢምዎን አስታውሰዋለሁ።»

ርዕሰ መምህሩ ጢሙን ከተላጨ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። መጀመሪያ ሰሞን ሠራተኛው ሁሉ እየተቀባበለ «አማረብዎት» ሲለው፣ ምንም ሳይሉት የቀሩት ዕቃ ያዡ ብቻ እንደነበሩ፣ ይህንንም ለብዙ ጊዜ በልቡ እንደያዘባቸው አሁን ትዝ አለው። እጁ ወደ አገጩ ሄዶ እዚያው ቀረ።

ተመልሶ ሲቀመጥ ወንበሩ ቀስ ብሎ ነው የጮኸው። ወረቀት ሲታጠፍ፣ እንደገና ሲታጠፍ፣ መሳቢያ ሲከፈት ተሰማ። ሴራው ሁሉ በአንድ ጢም ፈርሶበት፣ ደስ ይበለው ይክፋው የወሰነ አይመስልም።

«እንግዲያው አላዩም» አለ በመጨረሻ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያየ ሰው ግን... እኔን ትመስል ነበር?»

«ያየ ሰው ይጠይቁ።»

«ማንን ልጠይቅ? ደፍሮ እውነቱን የሚነግረኝ አለ?»

ርዕሰ መምህሩ ደጅ የተቀመጠችውን ልጅ ወደ ክፍሏ ትሂድ እንዲሏት ነገራቸው፤ ከዚያ የራሱ አባት የዓይን ሞራ እንደነበረባቸው፣ ተገፎላቸው ጋዜጣ ማንበብ እንደጀመሩና እስኪሞቱ ድረስ ጋዜጣውን እንደተራገሙ አወራ። እያወራ ይጽፍ ነበር። ማኅተም ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መታው። ጋሽ አንብብ ደግነት ከዚህ ቢሮ ሲወጣ ሰምተው ስለማያውቁ ወረቀቱን እንደ ትኩስ ነገር በሁለት ጣታቸው ያዙት።

ሚጢጢ ስታያቸው ብድግ አለች። ቀርቶልሻል፣ ወደ ክፍልሽ ሂጂ፣ ፈተናሽን ተፈተኚ አሏት። ወዲያው ግን እጇን ያዙ።

«የዓይኔን ነገር ታውቂ ነበር?»

«አዎ» አለች። «ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን እኔን አልመሰልሽም?»

«እርስዎን ብመስል መነሳት ይኖርብዎታል። ከተነሱ ደግሞ እርከኑ አለ።»

ጋሽ አንብብ ደብዳቤውን ሰጥተው አስነበቧት። ለዓይን ክፍል የተጻፈ ነው፤ ሠራተኛው ታክመው እስኪመለሱ ድረስ ቦታቸው እንደተጠበቀ ይቆያል፣ ዕቃ ክፍሉን የስፖርት መምህሩ በውክልና ይይዛል ይላል። ሌላ የለውም ወይ ቢሏት የለውም አለች። አመስግነው ሄዱ።

ሄደው የኬሚስትሪ መምህሩን ፈለጉና ለእሱም ሰጡት። ልጅቷ ያነበበችውን ያንኑ አነበበ። ማታ ቤታቸው ሲደርሱ ደብዳቤውን ለባለቤታቸው ሰጡ፣ ራሳቸውም ጆሯቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ባለቤታቸው ከላይ እስከ ታች፣ ከቁጥሩ እስከ ማኅተሙ፣ አንድ ቃል ሳያፋልሱ ሁለቱ ያነበቡትን አነበቡ።

ሦስት ሰው፣ ሦስት ቦታ፣ አንድም ልዩነት የለም። ጋሽ አንብብ ሦስቱም ተመካክረዋል ብለው መጠርጠር የጀመሩት ይኼኔ ነው። ቢሆንም ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ የሚሄዱበትን ሸሚዝ ባለቤታቸው እንዲተኩሱላቸው ነገሩ።